ኤድመንድ ሃሌይና ጅራታሙ ኮከብ

በቀድሞ ዘመን ጅራታም ኮከብ በሰማይ ሲታይ በብዙ አገር ሰዎች ይደነግጡ ነበር። ንጉሥ ሊሞት ነው፣ ጦርነት ወይም ረሀብ ሊመጣ ነው እየተባለ ይተረጎም ነበር። ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ያልታወቀ ነገር ያስፈራልና። ይህን ፍርሃት በስሌት ካስወገዱት ሰዎች አንዱ ኤድመንድ ሃሌይ ነው። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃሌይ በ1656 በለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሳሙና የሚያሠራ ሀብታም ነበር። ልጁ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ የኦክስፎርድ ትምህርቱን አቋርጦ በመርከብ ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት ሄደ፤ ከአውሮፓ የማይታዩትን የደቡብ ሰማይ ከዋክብት እየተመለከተ የ341ዱን ቦታ መዘገበ። በ1682ም አንድ ጅራታም ኮከብ በገዛ ዓይኑ አየ።

በ1684 ሃሌይ ወደ ካምብሪጅ ተጉዞ አይዛክ ኒውተንን አነጋገረው። የፀሐይ ስበት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ የሚቀንስ ከሆነ፣ የሚሳበው አካል በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ ጠየቀው። ኒውተን መንገዱ ሞላላ እንደሚሆን ቀደም ብሎ አስልቶ ነበር፤ ወረቀቱን ግን ፈልጎ አጣው። ሃሌይም እንደገና እንዲጽፈው ወተወተው። መጽሐፉ ሲደርስ የሮያል ሶሳይቲ ገንዘብ ስለ ዓሣዎች በተጻፈ መጽሐፍ ኅትመት አልቆ ስለ ነበር፣ ሃሌይ ከራሱ ኪስ ከፍሎ በ1687 አሳተመው።

ከዚያ በኋላ በዚሁ የስበት ሕግ የ24 ጅራታም ከዋክብትን መንገድ አሰላ። በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታዩት ሦስቱ መንገዳቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ሦስት ሳይሆኑ አንድ ኮከብ ናቸው፣ በ1758ም ይመለሳል ሲል በ1705 ጽፎ አወጣ።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ከየካ ተራራ ግርጌ ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ ከፍ ባለ ቁጥር ይዘገያል፤ ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ እየፈጠነ ይወርዳል። ጅራታሙም ኮከብ እንዲሁ ነው። ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ በሰከንድ 54 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ወደ ጎን የሚወስደው ፍጥነት ስላለው ግን ፀሐይዋ ላይ አይወድቅም፤ ዞሯት ያልፋል። ከዚያ ስበቷ ወደ ኋላ እየጎተተው ይዘገያል፤ ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 35 ጊዜ ያህል ርቆ ሲሄድ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ከዕድሜው አብዛኛውን በዚያ ጨለማ የሚያሳልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በባሕረ ሐሳብ ማእከላዊ ቀመር የሚባለው ዙር 76 ዓመት እንደሆነ እናውቃለን። የሃሌይ ኮከብ ዙርም ወደ 76 ዓመት ይጠጋል። ነገር ግን ቀመሩ የማይዛነፍ ሲሆን ኮከቡ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴም ይዘገያል። ሃሌይ ይህን አስተውሎ ምክንያቱ የትልቁ የጁፒተር ስበት መሆኑን ተረድቶ ነበር።

ሃሌይ በ1742 በ85 ዓመቱ ሞተ፤ የተነበየውንም ሳያይ ቀረ። ከሞቱ በኋላ ፈረንሳውያኑ ክሌሮ፣ ላላንድና ወይዘሮ ለፖት ለወራት ቁጥር ሲደምሩና ሲቀንሱ ከርመው፣ ጁፒተር 518 ቀን፣ ሳተርን ደግሞ 100 ቀን እንደሚያዘገዩት አሰሉ። በታኅሣሥ 25 ቀን 1758 ፓሊች የተባለ ጀርመናዊ ገበሬ ኮከቡን አየው። በመጋቢት 1759ም ለፀሐይ እጅግ ቀርቦ አለፈ፤ ስሌታቸው የሳተው በአንድ ወር ያህል ብቻ ነበር።

ያው ኮከብ ዳግማዊ ምኒልክ ታመው በተኙበት በ1910 ታየ፤ በ1986ም ተመለሰ። በ2023 መጨረሻ ከመንገዱ ጫፍ ደርሶ አሁን ወደ እኛ እየወረደ ነው፤ በሐምሌ 2061፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ2053 ዓ.ም.፣ ፀሐይን ይዞራል። ዛሬ በእንጦጦ ጫፍ 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እኛ የኮተቤ ወጣቶች ያን ጊዜ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንሆናለን፤ አንዳንዶቻችንም አንኖር ይሆናል። ሃሌይ ግን እርሱ የማያየውን ቀጠሮ ለሌሎች በጥንቃቄ አስልቶ ተወ። እኛም ዛሬ የምንማረውና የምንሠራው ሁሉ ፍሬው በእኛ ዘመን ካልታየ ከንቱ ነው አንበል።