ጉሊየልሞ ማርኮኒ፤ ያለ ሽቦ ያነጋገረው ሰው

መርከብ ከወደብ ተነሥቶ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ እስኪመለስ ድረስ ደኅንነቱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ የነበረበት ዘመን እጅግ ሩቅ አይደለም። በየብስ የቴሌግራፍ ሽቦ ከከተማ ወደ ከተማ ተዘርግቶ ነበር፤ የባሕር መንገደኛን ተከትሎ የሚሄድ ሽቦ ግን ከቶ አልነበረም። ይህን ችግር ከሰው ልጅ ላይ ካነሡት ሰዎች ዋነኛው ጉሊየልሞ ማርኮኒ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ በ1874 ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ርስት ኢጣልያዊ፥ እናቱ ደግሞ ከታወቀ የአየርላንድ የነጋዴ ቤተ ሰብ የተገኘች ሴት ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማዕርግ አልተቀበለም፤ በቤቱ ከግል አስተማሪዎች ተማረ፤ ጎረቤቱ የነበረው የቦሎኛ ሊቅ አውጉስቶ ሪጊም የምርምር ክፍሉን አልከለከለውም። በ1894 የጀርመኑ ሊቅ ሃይንሪኽ ኸርትዝ በ36 ዓመቱ በሞተ ጊዜ ሪጊ የጻፈው የመታሰቢያ ጽሑፍ በማርኮኒ እጅ ገባ፤ የሕይወቱም መንገድ ከዚያ ተጀመረ።

ኸርትዝ በ1887 እና በ1888 ያሳየው ነገር እንዲህ ነው። በአንድ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወዲያና ወዲህ በታላቅ ፍጥነት ሲመላለስ፥ በሽቦው ዙሪያ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ኃይል ይነሣል። ፍሰቱ አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ይህ ኃይል በሙሉ ወደ ሽቦው ለመመለስ ጊዜ ስለማያገኝ፥ ከፊሉ ተለይቶ በሞገድ መልክ ወደ ውጭ ይሄዳል። ፍጥነቱም የብርሃን ፍጥነት፥ በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ያህል ነው። ሞገዱ በመንገዱ ሌላ ሽቦ ሲያገኝ በዚያ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያወዛውዛቸዋል፤ ደካማ ፍሰትም ይፈጠራል። እንግዲህ መላኪያውና መቀበያው ሽቦ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ አንዱ ፍሰትን ሞገድ ያደርጋል፥ ሌላው ሞገድን መልሶ ፍሰት ያደርጋል። ነገር ግን የኸርትዝ ሞገድ ከምርምር ክፍሉ ግድግዳ አልራቀም ነበር።

ማርኮኒ በ1895 በአባቱ ርስት በፖንቴኪዮ ሳለ የመሣሪያውን አንዱን ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኘ፤ ሌላውን ጫፍ በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። መሬት ለቆመው ሽቦ እንደ መስተዋት ስለሚሆንለት፥ የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ የሚያህል ሽቦ የእጥፉን ያህል ሆኖ ይሠራል። ለምሳሌ 300 ሜትር ርዝመት ላለው ሞገድ 75 ሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ሽቦው ከፍ ሲል ሞገዱ ይረዝማል፤ ረጅም ሞገድም የምድርን ገጽ ተከትሎ ኮረብታን ይሻገራል። ወንድሙ አልፎንሶ ከኮረብታው ማዶ ሆኖ ምልክቱ እንደ ደረሰው በጠመንጃ ተኩስ አስታወቀ። ርቀቱ 2 ኪሎሜትር ያህል ነበር።

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄዶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በሚከተለው ዓመት ኩባንያ አቆመ። በ1899 ምልክቱ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ባሕሩን ተሻገረ። በ1901 ታኅሣሥ 12 ቀን በኒውፋውንድላንድ 150 ሜትር ያህል ሽቦ በነፋስ በሚበር ካይት ሰቅሎ፥ ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላከውን ምልክት መስማቱን አስታወቀ። በቀን ብርሃን ያን ያህል መሰማቱን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። በ1902 ግን በመርከብ ሲጓዝ ምልክቱ በቀን 1,100 ኪሎሜትር ያህል፥ በሌሊት ከ3,000 ኪሎሜትር በላይ መድረሱን መዝግቦ አረጋገጠ። ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልስ የኤሌክትሪክ ንጣፍ ከሰማይ በላይ መኖሩ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። በ1909 ከጀርመናዊው ካርል ብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

በ1911 በኢጣልያ የኮልታኖ ጣቢያ ከምጽዋ ጋር በሞገድ ሲነጋገር የእኛም ባሕር ዳርቻ ከዚህ ሥራ ተካፋይ ሆነ። በ1912 ታይታኒክ የተባለው መርከብ ሲሰጥም ከ1,500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 700 የሚያህሉት የዳኑት የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞች በመርከቡ ላይ ሆነው የላኩትን የጭንቅ ጥሪ ሌላ መርከብ ሰምቶ ስለ ደረሰላቸው ነው።

ከ1920 በኋላ ማርኮኒ ወደ አጭር ሞገድ ዞረ። 30 ሜትር ለሚሆን ሞገድ 15 ሜትር ሽቦ ስለሚበቃ፥ ከኋላው ሌሎች ሽቦዎችን እንደ መስተዋት አቁሞ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ መላክ ይቻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሞገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 1,000 ኪሎሜትር ያህል ወደምትርቀው ካርቱም ለመድረስ የሰከንድ 300ኛ ክፍል ብቻ ይበቃዋል። በካርቱም በጀብራ ሰፈር በቤቱ ጣራ ላይ ሽቦ የዘረጋ ሰውም የአገሩን ድምፅ ለመስማት የሚችለው በዚሁ ሕግ ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ ግን በምስጋና ብቻ አይፈጸምም። በ1923 የፋሽስት ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1930 የኢጣልያ አካዳሚ ፕሬዚዳንትና የፋሽስት ታላቅ ምክር ቤት አባል ተደረገ። በ1935 ኢጣልያ መረብን ተሻግራ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ወረራውን ደገፈ፤ በእንግሊዝ ራዲዮም ስለዚሁ ለመናገር ቢፈልግ አልተፈቀደለትም። በዚያው ዓመት ግን በአቃቂ የኢጣልያ ኩባንያ የተከለው ጣቢያ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ በመስከረም ወር፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን የኢትዮጵያን አቤቱታ ከአዲስ አበባ በራዲዮ ለዓለም አሰሙ። ማርኮኒ ከፍ አድርጎ የሰቀለው ሽቦ እርሱ የደገፈውን ወረራ የሚከስሰውን ቃል ተሸከመ።

ማርኮኒ በ1937 ሐምሌ 20 ቀን በሮማ ሞተ። ለመታሰቢያውም በልዩ ልዩ አገር ያሉ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ሽቦ እውነትንና ሐሰትን አይለይም፤ የተሰጠውን ሁሉ በእኩል ፍጥነት ያደርሳል። ስለዚህ ምሰሶውን የሚተክል ባለሥልጣንም ሆነ በእርሱ የሚጠቀም ነጋዴ ስለሚላከው ቃል ኃላፊነቱ የራሱ መሆኑን ከዚህ ሰው ሕይወት ይማራል።