ስለ ዶክቶር አክሊሉ ለማ ሕይወትና ስለ እንዶድ ፍሬ

በጎጃም ደጋ ያደገ ልጅ እንዶድን አላውቅም አይልም። ፍሬው ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በሌላውም ደጋ ኹሉ እናቶች ነጠላውንና ጋቢውን፥ ቀሚሱንና እጀ ጠባቡን ሲያጥቡበት ኖረዋል። ሳሙና በየገበያው መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ግን እንዶድ የድኻ ዕቃ ተባለ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፥ በደጃችን የበቀለውን ንቀን ከሩቅ የመጣውን ማክበር ልማዳችን ነው። እኛ ግን አሁን፥ ከዚህ ከተናቀው ፍሬ ለሕፃናት ጤና የሚጠቅም ነገር ስላገኙ፥ ያገኙትም ነገር እውነት መኾኑን በመመርመርና በመቍጠር ስላስረዱ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እንናገራለን። በዚህ ታሪክ የሚጠሩት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ዓመት በሐረርጌ ምድር ተወለዱ። ይህ ዓመት የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን የወረረበት ዓመት ስለ ኾነ፥ የሕፃንነታቸው ዘመን የመከራ ዘመን ነበረ። ካደጉም በኋላ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው፥ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከተሐዋስያን ስለሚመጡ በሽታዎች ተምረው በ1964 ዓመት የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው ያገራቸውን ሕዝብ የሚያስጨንቀውን በሽታ ለመመርመር ተነሡ።

ይህ በሽታ ቢልሃርዚያ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1851 ዓመት በካይሮ ከተማ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የበሽታው አመጣጥ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር በተጸዳዳ ጊዜ የትሉ ዕንቍላል ከዓይነ ምድሩ ጋራ ወደ ውሃ ይገባል። በውሃውም ውስጥ ተፈልፍሎ፥ በዚያ የሚኖረውን ትንሽ ቀንድ አውጣ ፈልጎ በሥጋው ውስጥ ይደበቃል፤ በዚያም እጅግ ይበዛል። ኋላም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውሃው ውስጥ ይዋኛል፤ ሰው ሲታጠብ ወይም ሲሻገር ቈዳውን በስቶ ይገባል፤ በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮችም አድጎ ዕንቍላል ይጥላል። ከዕንቍላሉ ከፊሉ ወደ ውጭ ሲወጣ፥ ከፊሉ በጉበትና በአንጀት ውስጥ ቀርቶ ሰውነትን ይጐዳል። ብዙ ዓመት የታመመ ሰው ጉበቱ ይደነድናል፥ ሆዱም ይነፋል። ልጆች በውሃ ሲጫወቱና ሲዋኙ ስለሚውሉ ከሌላው ሰው ይልቅ በዚህ በሽታ ይያዛሉ። ብርድ ለትሉ ዕድገት ስለማይስማማ በሽታው በከፍተኛው ደጋ ብዙ አይገኝም፤ በጣና ሐይቅ ዳርና ሙቀት ባለበት ስፍራ ግን የታወቀ ነው።

እንግዲህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በቀንድ አውጣው ድልድይነት ስለ ኾነ፥ ድልድዩን ያፈረሰ ሰው የበሽታውን መንገድ ቈረጠ ማለት ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል መድኃኒት በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ይመጣ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ስለ ነበረ ድኻ አገር በየወንዙ ሊጨምረው አይችልም ነበር።

በ1964 ዓመት ዶክቶር አክሊሉ ወደ ዐድዋ ሄደው በወንዞቹ ውስጥ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ይመረምሩ ነበር። በወንዙም ዳር ሴቶች ተቀምጠው በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ሊቁም ሲመለከቱ፥ ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ በብዛት ተንሳፈው አዩ፤ በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ብዛት አልነበረም። ከአጣቢዎቹም አንዲቱን የእንዶዱን አረፋ ጥቂት እንድትሰጣቸው ጠይቀው፥ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ ቢያስገቡት፥ ቀንድ አውጣዎቹ ጥቂት ቈይተው ሞቱ።

ልጆች ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ልብ አድርጋችሁ አስተውሉ። ያንን ወንዝ ከእርሳቸው አስቀድሞ ብዙ ሰው ተሻግሮታል፤ የሞተውን ቀንድ አውጣ ግን ማንም ከቁም ነገር አልቈጠረውም። እርሳቸው ግን አይተው ጠየቁ፤ ጠይቀውም ፈተኑ። ትልቅ ትምህርት የተማሩ ሲኾኑ፥ ከወንዝ ዳር ልብስ አጣቢ ዕውቀትን መቀበል አላሳፈራቸውም። ትሕትና ለዕውቀት የመጀመሪያው በር ነውና።

ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ያዩትን ይዘው መድኃኒት አገኘሁ ብለው አላወጁም። አንድ ነገር አንድ ጊዜ ቢኾን በአጋጣሚ ኾኖ ይኾናል፤ ደጋግሞ ሲኾንና ተቈጥሮ ሲታወቅ ግን ምክንያት እንዳለው ይረዳል። በ1966 ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፥ በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል፥ ስለ እንደዚህ ያሉ በሽታዎች የሚመረምር የፓቶባዮሎጂ ተቋም አቋቋሙ። በዚያም የእንዶዱን ልክ እየለኩ፥ ስንቱ ለምን ያህል ውሃ እንደሚበቃ ፈተኑ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ደግሞ በየአገሩ የሚበቅለውን እንዶድ ሰብስበው፥ አብቅለው፥ እያመዛዘኑ ኀይሉ የበረታውን መረጡ፤ ከተመረጠውም አንዱ ዓይነት 44 ተብሎ ታወቀ። በአሜሪካም በካሊፎርኒያ ካሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጋራ ኾነው ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ እርሱም በአባታቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ከዚህ ኹሉ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ቀረ። በዕቃ ውስጥ ቀንድ አውጣን መግደልና በከተማ ውስጥ ሕፃናትን ከበሽታ ማዳን አንድ አይደለም። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 ዓመት ድረስ በዐድዋ ትልቅ ፈተና ተደረገ። አስቀድሞ ሕዝቡ ተመርምሮ ከመቶው ስንቱ በሽታው እንዳለበት ተጻፈ። ቀጥሎም ባገሩ የበቀለው እንዶድ እየተሰበሰበና እየተፈጨ በልክ በወንዞቹ ተጨመረ። በመጨረሻም ሕዝቡ እንደገና ተመረመረ፤ የፊተኛውም ቍጥር ከኋለኛው ጋራ ተነጻጸረ።

በዚህ ቈጠራ ከኹሉ ይልቅ የተመለከቱት የሕፃናቱን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይህ ነው። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚኖር፥ ትልቅ ሰው ዛሬ ታሞ ቢገኝ በሽታው የዘንድሮ ይኹን የቀድሞ አይታወቅም። ወንዙ ከነጻ በኋላ የተወለደ ሕፃን ቢታመም ግን፥ በሽታው አኹንም እየተላለፈ ነው ማለት ነው፤ ጤነኛ ኾኖ ቢገኝ መንገዱ ተቈርጧል ማለት ነው። ስለዚህ ሕፃናት የሥራው ምስክሮች ኾኑ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከኾናቸው ሕፃናት መካከል በፊት ከመቶው 50 ታመው ነበር፤ በኋላ ግን የታመሙት ከመቶው 7 ብቻ ኾነው ተገኙ። የወጣውም ገንዘብ ለአንድ ሰው በዓመት ከአሜሪካ ዶላር ዐሥር ሳንቲም ያህል ነበረ። ከኀምሳ ላይ ሰባትን ስትቀንሱ የሚቀረው አርባ ሦስት የሒሳብ መልስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ሕፃናት አርባ ሦስቱ ከሆድ ሕመም ድነው በጤና ይሮጣሉ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ በኋላ ዓለም ፈጥኖ ይቀበለዋል ብለን እናስብ ይኾናል። ነገር ግን እንዲህ አልኾነም። በባዕድ አገር ያሉ የጤና ባለ ሥልጣኖች በአፍሪካ የተደረገውን ምርመራ ለመቀበል ዘገዩ፤ በእነርሱ ደንብና በእነርሱ የመመርመሪያ ቤት እንደገና ካልተፈተነ አይታመንም ተባለ። እውነቱን ለመናገር ጥንቃቄው ከንቱ አልነበረም፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ኹሉ ዓሣንም ይጐዳል፥ ለሚጠጣውም ሰው መርዝ ነው፤ ስለዚህ መመርመሩ የሚገባ ነበረ። ነገር ግን መመርመር አንድ ነገር ነው፤ መርማሪውን በትውልድ አገሩ ምክንያት መጠራጠር ሌላ ነገር ነው። ዶክቶር አክሊሉ የአፍሪካ ሊቃውንት የሚቸገሩት በገንዘብና በመሣሪያ እጦት ብቻ ሳይኾን፥ በሌሎች ንቀትም እንደ ኾነ በአደባባይ ተናገሩ። ሲናገሩም ሥራቸውን አልተዉም፤ ንቀትን በቍጣ ሳይኾን በተጨማሪ ምርመራ መለሱ።

በመጨረሻም ድካማቸው ታወቀ። በ1989 ዓመት ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በስዊድን አገር የሚሰጠውንና የአማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተቀበሉ። በአሜሪካም በታላላቆቹ ሐይቆች ውስጥ በዝቶ የውሃ ቧንቧን የሚደፍን አንድ ባለ ቅርፊት ፍጥረት በእንዶድ እንደሚሞት ተረጋገጠ። እንዲህ ያ በጎጃምና በትግሬ የልብስ ማጠቢያ የነበረ ፍሬ የሩቅ አገር ሊቃውንት መነጋገሪያ ኾነ። ዶክቶር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ሲሠሩ፥ ከዚያም መካከል በፍሎረንስ ከተማ ስለ ሕፃናት ዕድገት በሚመረምረው ቤት አገልግለው፥ በ1997 ዓመት በ61 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ያቋቋሙትም ተቋም በስማቸው ተጠራ።

እንዶድ ቢልሃርዚያን ፈጽሞ አጠፋ ብንል ሐሰት ይኾናል። በሽታው ዛሬም አለ፤ ዛሬ በብዙ አገር ለተማሪዎች የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በሽተኛውን ቢያድንም ወንዙን አያነጻምና፥ የዳነው ልጅ ወደዚያው ውሃ ቢመለስ እንደገና ይታመማል። ስለዚህ የመጸዳጃ ቤትና የንጹሕ ውሃ ነገር፥ የቀንድ አውጣውም ነገር እስከ ዛሬ የሚታሰብ ነው።

ከእርሳቸውም ሥራ የምንማረው ዋናው ነገር አሠራሩ ነው፤ ይኸውም አይቶ መጠየቅ፥ ጠይቆ መፈተን፥ ፈትኖ መቍጠር ነው። በአገራችንም በ2000፥ በ2005፥ በ2011ና በ2016 ዓመት ስለ ሕዝብና ስለ ጤና ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ጠያቂዎች በየቤቱ እየገቡ፥ ጎጃምንም ጨምሮ፥ ከ15 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ሴቶችና ወንዶች ስለ ጤናቸው፥ ስለ ትምህርታቸው፥ ጋዜጣ ያነብቡ እንደ ኾነ፥ ራዲዮ ይሰሙ እንደ ኾነ ጠይቀዋል። ስለ ጤና የሚነገረው ቃል ለወጣቱ በምን መንገድ እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ ሳያውቁ መናገር፥ ሰው በሌለበት ሜዳ መጮኽ ነውና። በእንደዚህ ያለው ጥናት ሰው ኹሉ አይጠየቅም፤ ያለ አድልዎ በዕጣ የወጡት ቤቶች ብቻ ይጠየቃሉ። እናት የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ኹሉ አትጨርስም፤ ደኅና አድርጋ አማስላ በጭልፋ ትቀምሳለች። ሳታማስል ከላይ ብቻ ብትቀምስ ግን ትሳሳታለች። እንዲሁም በቅርብ ያገኛቸውን ወዳጆቹን ብቻ የሚጠይቅ ሰው የሕዝቡን ነገር አወቅሁ ቢል ራሱን ያታልላል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ቍጥር የነጋዴና የግብር ሰብሳቢ ብቻ አይደለም። በትክክል የተቈጠረ ነገር ድምፅ ለሌላቸው ይናገራል፤ የዐድዋ ሕፃናት ስለ ራሳቸው መናገር ባይችሉ፥ ሰባትና ኀምሳ የሚሉት ቍጥሮች ተናገሩላቸው። የሚቈጥር ሰው ግን እውነተኛ መኾን ይገባዋል፤ ደስ የሚያሰኘውን ጽፎ የሚያሳፍረውን ቢሰውር፥ በሐሰት ሚዛን ከሚሸጥ ነጋዴ ይልቅ ይጐዳል። እናንተም ወደ ወንዝ በወረዳችሁ ጊዜ፥ የአሮጊቶችን ዕውቀት ሳትንቁ፥ በእግራችሁ ሥር ያለውን ነገር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የምትሰጡትም ፍርድ ሳትመረምሩ አይኹን።