ጆን ሮቢንሰን፦ እጃቸው ከግራሶ ያልተለየው አብራሪ

ይህ መጽሔት የሚወጣው ተመራቂዎች ከየሄድንበት ተመልሰን ስንገናኝ ነውና፣ እኔም ታሪኬን ከአንድ የተመራቂዎች ስብሰባ ብጀምረው አይከፋም። (የአሜሪካውን ታሪክ በእነሱ ዘመን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው እጽፋለሁ፤ አንባቢ እንዳይደናገር።)

እ.ኤ.አ. በሜይ 1934 ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ከቺካጎ ተነሥተው በሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ወደ አላባማ በረሩ። አንደኛው ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ነበሩ። ከቱስኪጊ ከተመረቁ አሥር ዓመት ሞልቷቸው፣ የክፍል ጓደኞቻቸው ስብሰባ ላይ ለመድረስ ነው ጉዟቸው። ዲኬተር በምትባል ከተማ ሮቢንሰንና ጓደኛቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ የነበሩበት አውሮፕላን ወድቆ ተሰበረ። ደግነቱ ሁለቱም ተረፉ። ሌላ ሰው ቢሆን በባቡር ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ሦስተኛው ባልደረባቸው ግሮቨር ናሽ ግን አንድ ሰው ብቻ የምትይዘውን የራሱን አውሮፕላን ለሮቢንሰን ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም በእሷ በርረው ቱስኪጊ ገቡ።

ለምን እንዲህ እንደ ተቻኮሉ ግልጽ ነው። በእግር ወይም በመኪና ሄዶ ትምህርት ቤቱን የአውሮፕላን ትምህርት ክፈቱ ማለትና ከሰማይ ወርዶ እንዲያ ማለት ለየቅል ናቸው። ያኔ ሐሳባቸው ወዲያው ተግባራዊ አልሆነም። ቱስኪጊ የሲቪል አብራሪዎች ሥልጠና ውስጥ የገባው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1939 ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው የቱስኪጊ አብራሪዎች የወጡትም ከዚያው ነው። እኛ ለስብሰባ ስንመጣ ኬክ ቆርሰን፣ ፎቶ ተነሥተን እንሄዳለን። ይኼን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

አገራችን ሮቢንሰንን የምታውቃቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የአየር ኃይላችን አዛዥ በነበሩት ኮሎኔልነታቸው ነው። የአሜሪካ ጋዜጦችም ብራውን ኮንዶር፣ ማለትም ቡናማው አሞራ፣ የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ያንን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል። እኔ ግን ዕድሜዬን ወርክሾፕ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ የምወደው ሌላውን ገጽ ነው፦ መፍቻና ጨርቅ ይዘው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሥር የተኙትን ሮቢንሰንን።

የተወለዱት ፍሎሪዳ ውስጥ ካራቤል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት ሚሲሲፒ ውስጥ ገልፍፖርት ነው። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ቱስኪጊ ገብተው የተማሩት የአውቶሞቢል ሜካኒክነት ነበር። ከዚያ ዲትሮይት በመካኒክነት ሠሩ፤ ቀጥሎም ወደ ቺካጎ ተሻገሩ። እንግዲህ ከመኪና ሞተር ወደ አውሮፕላን ሞተር ያለው መንገድ በዚያን ዘመን ሩቅ አልነበረም። ካርቡራተሩም፣ ካንዴላውም፣ ቫልቩም ያው ነው። ልዩነቱ መኪና ሲጠፋባችሁ ዳር ይዛችሁ መቆማችሁ ነው።

ርቀቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ቺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር። ሮቢንሰን እንደ ተማሪ ሊገቡበት ያልቻሉትን በር እንደ ጽዳት ሠራተኛ ገቡበት። መጥረጊያ ይዘው ከክፍሉ ኋላ እየዘገዩ የመምህሩን ንግግር ማዳመጥ፣ ተማሪ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ የቀረውን መገልበጥ፣ ያንን ደግሞ ለጓደኞቻቸው ወስዶ ማስረዳት ሥራቸው ሆነ። ከኮፊ ጋር ሆነው ባቋቋሙት የጥናት ቡድንም ከሞተርሳይክል በተወሰደ ሞተር የምትሠራ ትንሽ አውሮፕላን ገጣጥመው ሠሩ። ያን ጊዜ እዚያው ቺካጎ ውስጥ ሂዝ ፓራሶል የምትባል በመለዋወጫ ዕቃ ተፈታታ የምትሸጥ አንድ መቀመጫ ያላት አውሮፕላን ነበረች። ገዢው በጋራዡ ወይም በጓሮው ይገጣጥማታል። ለደመወዝተኛ ሰው ሰማይን ቅርብ ያደረገችው እንዲህ ያለችው ነገር ናት።

በኋላ ኮፊና ሮቢንሰን የትምህርት ክፍያ ልከው ተቀባይነት አገኙ፤ መጥተው ጥቁር መሆናቸው ሲታይ ግን ትምህርት ቤቱ አሻፈረኝ አለ። የሼቭሮሌ መኪና ነጋዴ የነበሩት ነጭ አሠሪያቸው እከሳለሁ ብለው ስላስፈራሩ ተፈቀደላቸው። በ1931 በአውሮፕላን መካኒክነት ተመረቁ። ትምህርት ቤቱም ቆይቶ ጥቁር ተማሪዎች እንዲያስተምሩ እነሱኑ ጠራቸው። መጥረጊያው ተቀምጦ ጠመኔ ተያዘ ማለት ነው።

ፈቃድ ቢገኝም ማረፊያ የለም። በአካባቢው የነበሩት ሜዳዎች ጥቁር አብራሪ አይወዱም። ስለዚህ ሮቢንሰንና ጓደኞቻቸው ቻሌንጀር የአየር አብራሪዎች ማኅበርን መሥርተው፣ ከቺካጎ በስተ ደቡብ ያለችውና ነዋሪዋ ጥቁር የሆነችው ሮቢንስ ከተማ ላይ የራሳቸውን ማኮብኮቢያ አበጁ። አበጁ ስል ተቋራጭ ጠርተው አይደለም። ዛፉን ራሳቸው ቆረጡ፣ ድንጋዩን ለቀሙ፣ ጉድጓዱን ደፈኑ፣ ከተገኘው ጣውላ ሐንጋር አቆሙ። ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥና ሆስፒታል የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እሑድ ሲሆን አካፋ ይዘው ይመጣሉ። የማኅበሩን አውሮፕላን የገዛችላቸው ጃኔት ሃርመን የተባለች ነርስ ናት፤ በራሷ ገንዘብ። እሷም ቆይታ አብራሪ ሆናለች።

እስቲ የዚያን ዘመን የትንሽ አውሮፕላን ባለቤት እሑድን እንዴት እንደሚያሳልፍ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መብረር ማለት መብረር ብቻ ይመስለዋል። ለአንድ ሰዓት በረራ ብዙ ሰዓት መሬት ላይ ይጠፋል።

ገላዋ በእንጨት ወይም በብረት ቱቦ አጥንት ላይ የተወጠረ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ከደህና አቡጀዲ ብዙም የማይርቅ። ጨርቁ እንደ ከበሮ እንዲወጠርና ውሃ እንዳያስገባ ቫርኒሽ የመሰለ ፈሳሽ ደጋግሞ ይቀባል። ፀሐይ ይኼንን ጨርቅ ይበላዋል። ስለዚህ ባለቤቱ በጣቱ ጫን እያለ ይፈትሻል፤ የላላ ካለ ይቀባል፣ የተቀደደ ካለ ሰፍቶ ይለጥፋል። ጨርቁ ሥር ያለው እንጨት ደግሞ እርጥበት ገብቶት ሊበሰብስ ይችላል፤ ያንን ከውጭ አታዩትም፤ መታ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት ነው።

ቀጥሎ ቤንዚን አለ። በርሜል ውስጥ የቆየ ቤንዚን ውሃ አያጣም፤ አንድ ማንኪያ ውሃ ካርቡራተር ውስጥ ከገባ ሞተሩ ዛፍ አናት ላይ ስትደርሱ ቀጥ ይላል። መፍትሔው ቤንዚኑን በለሰለሰ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ማጥለል ነው፤ በደንብ የተሠራ ቆዳ ቤንዚኑን ያሳልፍና ውሃውን ያስቀራል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን በያንዳንዱ ሙሌት መደገም አለበት። ክንፎቹን የወጠሩትን ሽቦዎች መነካካት፣ የመሪ ገመዶቹን የተላላጠ ካለባቸው ማየት፣ የዘይቱን ልክ መለካት፣ ካንዴላ አውጥቶ ጥላሸቱን መጥረግ፣ ቫልቮቹን ግራሶ መቀባት፣ ብሎን ሁሉ ላልቶ እንደሆነ መዞር፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የማይላላ ብሎን የለምና።

ብዙዎቹ የሚነሡት በእጅ ነው። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማብሪያውን ይይዛል፣ ሌላው ፊት ቆሞ ፕሮፔለሩን በእጁ አሽከርክሮ ይለቃል። ሁለቱ ሰዎች ካልተግባቡ፣ ተዘግቷል የተባለው ማብሪያ ካልተዘጋ፣ የሚቆረጠው ክንድ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ ሰው የሚታመነው በአነጋገሩ ሳይሆን በዚህች ቅጽበት ነው። ሮቢንሰን የሚታወቁት በጥንቃቄያቸው ነበር፤ እኔ በግሌ አዛዥ ያደረጋቸው ከጀግንነቱ እኩል ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላነሣሁ አይሆንልኝም። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ተቋም ውስጥ ለማስተማሪያ የመጣ ሞተር ነበር። ተሸፍኖ ተቀመጠ። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ነበር፤ ተማሪ ነክቶ እንዳያበላሸው ተብሎ። ስንት ምድብ ተማሪ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ተመረቀ፤ ሞተሩም ሳይነካ ዛገ። ሮቢንስ ሜዳ ላይ ግን ሞተር የሚፈታው ለመማር ነበር፤ ነርሷም ትፈታለች።

ያ ሜዳ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1933 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጥቶ ሐንጋሩን አፈረሰው፤ አውሮፕላኖቹንም ሰባበረ። በእጃቸው የሠሩት ነገር በአንድ ቀን ሄደ። ሐዘኑን ብዙም አልቆዩበትም፤ የተረፈውን ይዘው ሃርለም ወደሚባለው ሌላ አየር ማረፊያ ተዛወሩ፣ በማግስቱ ዓመት ነው እንግዲህ ያ የቱስኪጊ ጉዞ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲቃረብ ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ለኢትዮጵያ የሚሆን ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። ሮቢንሰን በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ የአየር ኃይሉ አዛዥነት ተሰጣቸው።

ኃይሉ ግን ምን ነበር? ከአንድ ደርዘን ብዙም የማይበልጡ አውሮፕላኖች፤ አንዱ የፈረንሳይ ፖቴዝ፣ አንዱ የጀርመን ዩንከርስ፣ አንዱ የሆላንድ ፎከር። የአንዱ ብሎን ለሌላው አይሆንም። የአንዱ መጽሐፍ ፈረንሳይኛ፣ የሌላው ጀርመንኛ። መለዋወጫ ከጂቡቲ በባቡር ካልመጣ የለም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያው መሬት ላይ ያጣል፣ ክንፉም እንደ ልብ አያነሣም። ቆላ ላይ በአጭር ሜዳ የሚነሣው አውሮፕላን እዚህ ሜዳው ያልቅበታል። ይህንን ሁሉ በጽሑፍ የሚያውቅ መሐንዲስ አይጠፋም፤ በቺካጎ ዳርቻ ከወዳደቀ ዕቃ አውሮፕላን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ግን ለዚህ ችግር የተፈጠረ ነው። የጣሊያን ቦምብ ጣዮች በመቶ በሚቆጠሩበት ሰማይ ውጊያ መግጠም የማይታሰብ ነበርና ሥራቸው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ወደ ግንባር ማመላለስ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ።

በ1928 ዓ.ም ግንቦት አገሪቱ ስትያዝ አሜሪካ ተመለሱ። ቺካጎ ሺዎች ወጥተው ተቀበሏቸው። የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ወጣቶች ጎረፉ። ሰውየው እዚያው ተመችቷቸው መኖር ይችሉ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ1944 እንደ ገና ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትለው መጡና ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥልጠናው በስዊድኖች እጅ ገባ፤ ሮቢንሰንም ከስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ጋር ተጣልተው፣ ነገሩ እስከ መማታት ደርሶ፣ ከቦታቸው ለቀቁ። ሁለቱም ለኢትዮጵያ ውለታ የዋሉ ሰዎች ናቸውና ማን ትክክል ነበር እያልኩ አሁን ልፈርድ አልችልም። ቅር የሚለኝ ከዚያ በኋላ ስማቸው ከመዝገቡ እየደበዘዘ መሄዱ ነው።

እሳቸው ግን አገሩን አልለቀቁም፤ መብረርም አልተዉም። መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም ስቲንሰን ኤል-5 በምትባል ሁለት መቀመጫ ባላት ቀላል አውሮፕላን፣ በአንድ የሕክምና ዕርዳታ ጉዞ ላይ ሳሉ ወደቁ። አብሯቸው የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር፤ እሱም ሞተ። ሮቢንሰን በቃጠሎ ቆስለው ሁለት ሳምንት ቆዩ። መጋቢት 18 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚሁ ጉለሌ ነው።