ሉዊ ብሬይል የተማረበት ቤት

ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ስሟ እንደሚመሰክረው ነፋስ አያጣትም። ሆኖም በዚያ ደጋና በጎረቤቶቹ በስማዳና በእስቴ ከፍተኛ ቦታዎች ብርዱን ለመከላከል የመማሪያ ክፍል መስኮት ሲዘጋ፣ የውጭው ነፋስ በውስጥ ላሉት ተማሪዎች አይደርስም። አየሩ የታፈነ ክፍል በአካል ጉዳተኞች ትምህርት ቤት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመረዳት የሉዊ ብሬይልን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል።

ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1809 በፓሪስ አቅራቢያ ኩቭሬ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበር። ሕፃኑ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ሌላውንም ስለ ጎዳው በአምስት ዓመቱ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

በ1819 በፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ንጉሣዊ ትምህርት ቤት ገባ። ሕንጻው ቀድሞ የካህናት ማሠልጠኛ የነበረ፣ ያረጀና እርጥበት የተጫነው፣ ብርሃንና አየር እንደ ልብ የማይገባበት ነበር። ብሬይል በዚሁ ቤት ሳለ፣ ሻርል ባርቢዬ የተባለው ሰው ያመጣውን የነጥብ ጽሕፈት አሻሽሎ በአሥራ አምስት ዓመቱ ባለ ስድስት ነጥቡን ፊደል ፈጠረ። በ1829 አሳተመው፤ በትምህርት ቤቱም መምህር ሆነ።

ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሳንባ ነቀርሳ ታየበት። የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ሰዎች በሽታውን ከዚያ ቤት ጋር ያያይዙታል። በ1838 ባለቅኔውና የሕዝብ እንደራሴው ላማርቲን ሕንጻውን ጎብኝቶ ችግሩን ለፈረንሳይ ምክር ቤት አስረዳ፤ ለአዲስ ሕንጻም ገንዘብ ተፈቀደ። ትምህርት ቤቱ በ1843 ሲዛወር ብሬይል ከታመመ ዓመታት አልፈው ነበር። በጃንዋሪ 6 ቀን 1852 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ትምህርት ቤቱ ፊደሉን በይፋ የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የበሽታውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮኽ ያገኘው በ1882 ነው። በሽተኛው ሲያስል፣ ሲናገርና ሲዘምር የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች ባልታደሰ አየር ውስጥ ለሰዓታት ሊቆዩ እንደሚችሉ ዛሬ እናውቃለን። ጋይንት በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ለዘመናት በቃልና በዜማ ሲሰጥ የኖረበት አገር ነው። በዘመናዊው ክፍልም ዓይነ ስውር ተማሪ ከትምህርቱ ብዙውን የሚቀስመው በድምፅ ነው፤ ከመምህሩ ቀርቦ ይቀመጣል፤ በእጅ እየተመራ ይሄዳል። የመተንፈሻ ጡንቻው የደከመ ልጅ ደግሞ አክታውን በሚገባ አስሎ ማውጣት ይሳነዋል። ስለሆነም ለሌላው ተማሪ ቀላል የሚሆን ጉንፋን ለእርሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። በትይዩ ግድግዳዎች መስኮት ማውጣት፣ ከጣሪያው ሥር የሞቀው አየር የሚወጣበት፣ ብርዱም ተማሪውን በቀጥታ የማይመታበት ክፍተት መተው፣ የመስኮቱን መቀርቀሪያ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ መግጠም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ የግድ ቢያስፈልግ፣ ጩኸቱ በጆሮው የሚማረውን ልጅ እንዳያውክ ተመርጦ መተከል አለበት።

የፓሪሱ ሕንጻ ጉድለት በምክር ቤት እስኪነገር ድረስ ብሬይል ሳንባውን ታሟል። የእኛ የመሐንዲሶች ድርሻ እንዲህ ያለውን ጉድለት ገና በንድፉ ወረቀት ላይ ሳለ ማረም ነው።