አንቷን ዳባዲ፦ ስሌቱን ለመርማሪ ክፍት ያደረገ ለኪ

ከጋፋት ሆኖ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ የአድማሱ ምልክት ነው። ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ የተሠራበት ስፍራ በመሆኑ ስሙ ከብረት ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር ተቀምጠው በሚገዙበት ጊዜ፣ ተራሮችን የልኬት ምልክት አድርጎ የአገሪቱን ደጋ በካርታ ለማስፈር የተነሣ ሌላ ባለሙያ ነበር። እርሱም አንቷን ዳባዲ ነው።

ዳባዲ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በ1810 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደብሊን ተወለደ፤ ያደገውና የተማረው በፈረንሳይ ነው። የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ለመለካት ወደ ብራዚል ተልኮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አገሩን የለቀቀው ከአሥር ዓመት ያህል ቆይታ በኋላ ነው።

በዘመኑ የተለመደው የምድር ልኬት በሜዳ ላይ በጥንቃቄ የተለካ መነሻ መስመር፣ በየኮረብታው የሚተከል ምልክትና ብዙ ረዳት ይጠይቅ ነበር። መሳፍንት እርስ በርስ በሚዋጉበትና የባዕድ ሰው መሣሪያ ጥርጣሬን በሚያስነሣበት አገር ይህ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ዳባዲ ለሁኔታው የሚስማማ ዘዴ ራሱ ቀየሰ። ምልክት በመትከል ፈንታ ተፈጥሮ የተከለቻቸውን ተራሮች ተጠቀመ። ከአንድ ከፍታ ላይ ሆኖ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ ስም ከአገሬው ይጠይቃል፤ አቅጣጫውን በማዕዘን መለኪያ ይመዘግባል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ከፍታ ተሻግሮ ያንኑ ይደግማል። የቦታዎቹን ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት፣ ከፍታቸውንም ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት ያሰላ ነበር።

የዘዴው ጥንካሬ ከድግግሞሽ የመጣ ነው። የአንድን ተራራ ቦታ ለማወቅ ሁለት የአቅጣጫ መስመሮች ይበቃሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ግን ስሕተትን ያጋልጣሉ። መስመሮቹ በአንድ ነጥብ ካልተገናኙ ወይ መሣሪያው ተዛንፏል፣ ወይ ሁለት ተራሮች በአንድ ስም ተጠርተዋል፣ ወይም ጸሓፊው ተሳስቷል።

ይህ ጥንቃቄ ከባድ ፈተና ገጠመው። በጎጃምና በሸዋ የተጓዘው እንግሊዛዊ ቻርለስ ቢክ፣ ዳባዲ ከፋ ደርሻለሁ ማለቱ ሐሰት ነው ሲል በ1850 በጽሑፍ ከሰሰው። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በዚያው ዓመት ዳባዲን በወርቅ ሜዳልያ ሲያከብር፣ ቢክ ቀደም ሲል ከማኅበሩ ያገኘውን ሜዳልያ መለሰ። የአንድ ተመራማሪ ክብር በቃሉ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዳባዲ ለአቤቱታው በክርክር ጽሑፍ ምላሽ ቢሰጥም ጸንቶ የቆየው መልስ ልኬቱ ነው። ከ1860 እስከ 1873 ባሳተመው የኢትዮጵያ የምድር ልኬት መጽሐፍ ካርታውን ብቻ ሳይሆን በየጣቢያው የመዘገባቸውን ማዕዘኖችና የስሌቱን መንገድ ጭምር አወጣ። ስሌቱንም ሩዶልፍ ራዳው የተባለ ሌላ ባለሙያ እንደገና እንዲመረምረውና እንዲያዘጋጀው አደረገ። ዳባዲን የሚጠራጠር ሁሉ ቁጥሮቹን ወስዶ ራሱ ማስላት ይችል ነበር።

ይህ ማለት አልተሳሳተም ማለት አይደለም። የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ከግቤና ከኦሞ በኩል ነው ብሎ ለረጅም ጊዜ ተከራክሯል፤ ኦሞ ግን የሚፈሰው ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው። መደምደሚያው ቢወድቅም ልኬቶቹ አብረውት አልወደቁም፤ ከመደምደሚያው ተለይተው ተመዝግበው ነበርና።

ዳባዲ በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍትም ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1897 በፓሪስ ዐረፈ።

ዛሬ ተመራማሪው መረጃውን የሚተነትንበትንና ግራፉን የሚሥልበትን ፕሮግራም ለጥናቱ እንዲስማማ አድርጎ ሊያዘጋጅ ይችላል። ለራስ ሥራ የተሠራ መሣሪያ ግን ከሠሪው በቀር የሚያውቀው ስለሌለ ለጥርጣሬ የተጋለጠ ነው። የዳባዲ ሕይወት እንደሚያሳየው ጥርጣሬውን የሚያስወግደው የግራፉ ማማር አይደለም፤ ጥሬው መረጃና የስሌቱ መንገድ ከውጤቱ ጋር አብረው መቅረባቸው ነው።