ሽፍታው ሙሴ እንዴት አባ ሙሴ ሆነ?

ባለፈው እሑድ ትምህርታችን ሲያበቃ ከእናንተ አንዱ ለብቻዬ ጠጋ ብሎ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። የሰው ነገር ላለመመኘት በጸሎት ከወሰነ በኋላ ያው ምኞት ማክሰኞ ዕለት ተመልሶ እንደመጣበት ነገረኝና፣ ንስሐው ውሸት እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። ጥያቄው ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ሰነበተ። ስለዚህ በሰኔ 24 ቀን በስንክሳር የሚነበበውን የአንድ አባት ታሪክ ላጫውታችሁ አሰብሁ።

ይህ አባት ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ይባላል። ጸሊም በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በዚያ ዘመን ግን ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለ ነበር፣ የተወለደበትን መንደር ለይተን መናገር አንችልም። የኖረው በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ነው። በመጀመሪያ ፀሐይን በሚያመልኩ ሰዎች ቤት ባሪያ ነበር። ቁመተ ረጅም፣ ጉልበተ ብርቱ ነው፤ ሲበላና ሲጠጣ ልክ አያውቅም። በስርቆቱ ምክንያት ጌታው ቢያባርረው ጫካ ገብቶ የሽፍቶች አለቃ ሆነ።

እስቲ አንዱን ሥራውን ተመልከቱ። አንድ ሌሊት ሊሰርቅ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኹበትና ሳይሳካለት ቀረ። ሙሴ ይህን አልረሳም፤ እረኛውን ልገድል ብሎ በልቡ ቂም ያዘ። እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ እንዳለ በሰማ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ልብሱን በራሱ ላይ ጠቅልሎ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ያን ሁሉ ውኃ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን አስቀድሞ አይቶት በአሸዋ ውስጥ ተደብቆ አመለጠ። ሙሴም በንዴት ከመንጋው 4 ምርጥ አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ ወንዙን ተመልሶ ዋኘ። ከሥጋው መልካሙን በላ፤ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ። ልጆች! አንድ የውሻ ጩኸት ይህን ሁሉ አመጣ። በልቡ ያሳደረው ቂም በቀን አሳቡ፣ በሌሊት እንቅልፉ ሆኖ ቆየና በመጨረሻ ሰይፍ አስነከሰው።

ነገር ግን በዚሁ ሰው ልብ ሌላም ምኞት ነበረ። አንዳንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ እየተመለከተ፣ አምላክ ከሆንሽ አነጋግሪኝ ይላት ነበር። ፀሐይ ምን ትመልሳለች? በአስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እውነተኛውን አምላክ ያውቃሉ ሲባል በሰማ ጊዜ ሰይፉን ታጥቆ ወደዚያ ገሰገሰ። አባ ኤስድሮስ ሲያዩት ደነገጡ። ሙሴ ግን የመጣው እግዚአብሔርን ለማወቅ እንደ ሆነ ነገራቸው። እርሳቸውም ወደ አባ መቃርስ አደረሱት፤ ተምሮ ተጠመቀ፤ በኋላም መነኰሰ።

ብዙ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል፤ ሽፍታው መነኰሰ፣ ደስ አለን ብለው መጽሐፉን ያጥፋሉ። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ገና መጀመሩ ነው፤ የቀድሞው ምኞት አብሮት መንኩሷልና። የኃጢአት አሳብ ሌሊት በሕልም ሳይቀር ይመጣበት ነበር። ቢጾምም አልተወውም። ስድስት ዓመት ያህል ሌሊቱን በበዓቱ ቆሞ በመጸለይ አሳለፈ፤ አሳቡ ግን አልጠፋም። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል አባ ኤስድሮስ ጣራ ላይ አውጥተው ወደ ምዕራብ እንዲያይ አዘዙት። የሚዋጉትን የአጋንንት ሠራዊት አየ። ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ደግሞ ለእርዳታ የመጡትን መላእክት አየ፤ እነርሱም ይበዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ በዓቱ ተመለሰ።

አዲስ ሥራም ጀመረ። ውኃው ከገዳሙ ይርቅ ስለ ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ተነሥቶ ለመራመድ ያቃታቸውን የሽማግሌዎቹን እንስራ ማንም ሳያየው ይሞላላቸው ነበር። በወናጎና በቡሌ ዳገት ጀሪካን አዝላችሁ የምትወጡ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ዓባይን ለቂም የዋኘው ጉልበት አሁን ውኃ አመላላሽ ሆነ። አንድ ሌሊት ከጉድጓዱ አጠገብ ጎንበስ ሲል ሰይጣን ወገቡን በዱላ መታውና ወደቀ፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ታመመ። ሲድን አባ ኤስድሮስ፣ ከአጋንንት ጋር በራስህ ጉልበት ብቻ መታገልህን ተው ሲሉ መከሩት። ያ የሚያስጨንቀው ሕልምም ከእርሱ ራቀ።

በሌላ ጊዜ አራት ወንበዴዎች ማን መሆኑን ሳያውቁ በዓቱን ለመዝረፍ ገቡ። ሙሴ አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ነዶ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸውና፣ እኔ ሰው መጉዳት አይገባኝምና ምን ላድርጋቸው ብሎ አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹም የቀድሞው ሽፍታ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ንስሐ ገብተው መነኰሱ።

አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈረድበት መነኮሳት በተሰበሰቡ ጊዜ ደግሞ ሙሴ አልመጣም። ሰው ሲላክበት ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ ደረሰ። ምንድን ነው ቢሉት፣ የራሱ ኃጢአት ከኋላው ሲፈስስ እርሱ ሳያየው በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ወንድምየውን ይቅር አሉት። በጥቅምት እሸት ቡና ሲለቀም፣ የጎረቤት ልጅ ከእነርሱ ዛፍ ሸመጠጠ ብላችሁ ክስ ይዛችሁ የምትመጡ አላችሁና ይህችን ቅርጫት ልብ በሉልኝ።

ቅስና በተቀበለ ጊዜ ነጭ ልብስ አልብሰው፣ አሁን ነጭ ሆንህ ቢሉት፣ ከውጭ ነውን ወይስ ከውስጥ ብሎ ጠየቀ። ሊፈትኑትም ሰድበው ቢያስወጡት፣ የሚገባኝን አደረጉብኝ እያለ በዝምታ ወጣ። አንድ የውሻ ጩኸት ያላሳለፈው ያ ሰው!

በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አረማውያን ገዳሙን ሊወርሩ መምጣታቸው ተሰማ። ሙሴ ዕድሜው ወደ 75 ዓመት ነበር። የሚወድ ይሽሽ፣ እኔ ግን ይህን ቀን ብዙ ዘመን ስጠብቀው ነበር አላቸው፤ በሰይፍ የኖረ በሰይፍ እንደሚሞት ያምን ነበርና። ከእርሱ ጋር የነበሩት ሰባት ወንድሞች ናቸው። ወራሪዎቹ ገብተው ገደሉአቸው። ከወንድሞች አንዱ ግን ፈርቶ በሰሌን ክምር ኋላ ተሸሽጎ ነበር። በዚያ ሆኖ ሰባት አክሊላት ከሰማይ ወርደው በሰባቱ ላይ ሲያርፉ አየ፤ ከተሸሸገበትም ወጥቶ ከእነርሱ ጋር ሞተ። የቅዱስ ሙሴ አጽም ዛሬም በግብፅ፣ በዋዲ ናትሩን በረሃ፣ አል በራሙስ በተባለው ገዳም ይገኛል።

ለሚቀጥለው እሑድ፦ ሙሴ ወንዙን የዋኘበትንና ውኃ የቀዳበትን ሌሊት አነጻጽራችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉልኝ። ባለፈው የጠየቅኸኝ ልጅ፣ የስድስቱን ዓመት ክፍል አንተ ቆመህ ታነብልናለህ።