የተኛ ሰው ምስክር

ሰሞኑን ለለቅሶ ወደ መንዝ፣ ሞላሌ ወጥቼ ነበር። ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ወሬው ኩላሊቱ ስለደከመ አንድ ወጣት ሆነ። እህቱ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ፈቅዳለች። ከቢላዋው ይልቅ አዛውንቶቹን ያስጨነቃቸው ማደንዘዣው ነው። ጤነኛ ልጅ በእግሯ ሄዳ ተኝታ ብትቀር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን ማን በእውነት ይነግረናል ነው ነገሩ።

ሕግ ተምሬያለሁና ጥያቄው የምስክርነት ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። በማደንዘዣ የተኛ ሰው አያይም፣ አይሰማም፣ አይከራከርም። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ደግሞ ሁለት ሰው ያስተኛል። የታማሚው ኩላሊት መድኃኒት ስለማያስወግድ ባለሙያው የሚሰጠውን መምረጥ፣ አዲሱ ኩላሊት ደም እንዳያጣም የደም ግፊቱን መጠበቅ አለበት። ይህን የሚያውቀው እዚያው የቆመው ሐኪም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ትዝ አሉኝ።

ፕሮፌሰር አሥራት በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ከየካቲት 12ቱ ሙከራ በኋላ ጣሊያኖች አባታቸውን ገደሉባቸው፤ ልጅነታቸውንም ድሬዳዋ አሳለፉ። ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ወደ እስክንድርያው ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ከዚያም ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ዘለቁ። በቀዶ ሕክምና ሠልጥነው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አገለገሉ፤ የአዲስ አበባውን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙትና በዲንነት ከመሩት አንዱ ሆኑ።

ፈተናው የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በነሐሴ ወር የአፄ ኃይለ ሥላሴን ሞት ሲያውጅ፣ ምክንያቱን ከሁለት ወር በፊት ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው። ሐኪማቸው የነበሩት አሥራት ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተፈጠረ ችግር አልነበረም ብለው የመንግሥቱን መግለጫ አልተቀበሉም። ሰው እንደ ዶሮ በሚታረድበት ዘመን ይህን ማለት ራስን ለሞት ማጨት ነበር። በ1987 ዓ.ም. በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የቀረበው ክስ ንጉሠ ነገሥቱ አልጋቸው ላይ ታንቀው መገደላቸውን ገለጸ።

በ1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሥርተው መሩ። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከተባረሩት መምህራን አንዱ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግርም ሌላ ቅጣት ተጨመረባቸው። ልባቸው ታሞ በ1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ውጭ ወጡ፤ ግንቦት 6 ቀን ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ።

ፖለቲካቸውን የሚደግፍም የሚነቅፍም አለ። ለተኛ ሕመምተኛ የቆሙበትን ምስክርነት ግን ማንም አይነቅፍም።

ለአዛውንቶቹ የምችለውን ነገርኳቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንዳደረገ፤ በማደንዘዣ ወቅት የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የተሰጠው መድኃኒት በየደቂቃዎቹ ልዩነት በመዝገብ እንደሚሰፍር። ልጅቱ ስምምነቷን ከመፈረሟ በፊት ሁሉም በሚገባት ቋንቋ እንዲብራራላት፣ መዝገቡንም ቤተሰቡ ሲጠይቅ እንዲያገኝ ይጠይቁ አልኩ።

ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በፕሮፌሰር አሥራት ስም ይጠራል። ከዚያ የሚወጣ ወጣት ባለሙያ ሁሉ ያን መዝገብ ሲሞላ የሆነውን ብቻ ከጻፈ፣ ለሞላሌ እናቶች ከሐውልት የበለጠ መታሰቢያ ይሆናል።